በቾፕስቲክ መብላትን መማር፦ ማዕዱ ላይ ለመቀመጥ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእስ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም። ባለፉት ወራት እዚህ የተነጋገርነው ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ጤና ምርመራ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛዋ ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት እንጨት አከፋፍላ ስለ አበላል ልታወራ ተነሥታለች። ደጋፊዎቻችን እንዳይሠጉ አስቀድሜ ልናገር፦ ለእንጨቶቹ ከማኅበሩ ካዝና አንድ ብር አልወጣም።

ርእሱን ግን እንዲሁ አላመጣሁትም። ከመካከላችን እንጀራ ጋግረው ለቻይናውያን ካምፕ የሚያቀርቡ አሉ። በፋብሪካና በመንገድ ሥራ ካምፕ በጽዳትና በወጥ ቤት የሚሠሩ አሉ። ዕቃ ለማምጣት እስከ ጓንጁ የሚመላለሱም አሉ። እነዚህ እህቶች በተለያየ ጊዜ ጠርተው የጠየቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ «ምሳ ብሉ ሲሉን ምን እናድርግ?» እስከ ዛሬ የሰጡት መልስ «በልቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚል ነው። እኛ አገር «በልቻለሁ» ማለት ጨዋነት ነው፤ ጋባዡም «በሞቴ» ብሎ ይለምናል፤ ያን ጊዜ እንቀመጣለን። «በሞቴ» የሚል ሰው ከሌለ ግን እንደ ቆምን እንመለሳለን። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት እንዲህ ቆመን ስንመለስ ምን እንደሚያልፈን፣ ለመቀመጥ የሚጠይቀን ደግሞ የጥቂት ሳምንታት ልምምድ ብቻ መሆኑን ነው።

ሁለቱ ጠረጴዛዎች

እኔ የምሠራው በአንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ነው። አለቆቻችን ቻይናውያን ናቸው። በካምፑ የምግብ አዳራሽ አንድ ትልቅ ክብ ጠረጴዛና በግድግዳው በኩል የተደረደሩ ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉ። ክቡ ጠረጴዛ ላይ ቻይናውያኑ ይበላሉ። በግድግዳው በኩል እኛ ምሳ ዕቃችንን ከፍተን እንበላለን። ቦታውን የከፋፈለልን ሰው አልነበረም። «ኑ» ሲሉን እኛው ምሳ ዕቃችንን አሳይተን፣ አመስግነን እንቀመጣለን።

ለምን እንደማንሄድ እርስ በርስ ስንጫወት ብዙ ምክንያት እንደረድር ነበር፤ ምግቡ ምን እንደሆነ አናውቅም፣ ጾም ነው፣ ቋንቋ አንችልም። ከሁሉም በታች ግን ያቺ እንጨት ነበረች። ልጅ ሲያንጠባጥብ እናቱ ትስቃለች። ትልቅ ሴት፣ የልጆች እናት፣ የቢሮ ሠራተኛ በአለቆቿ ፊት ጎመን ከእንጨት ላይ ሲወድቅባት ግን ነውር መስሎ ይታየናል። ከዚያ ሁሉ የራስን ጥግ መያዝ ይቀላል።

ታዲያ ክቡ ጠረጴዛ ላይ እነማን ነበሩ? የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ፣ የፋይናንስ ኃላፊው፣ የግዥ ኃላፊው፣ አስተርጓሚው። በምሳ ሰዓት ዝም ብለው አይበሉም። የትኛው አቅራቢ ጥሩ ዕቃ እንዳመጣ፣ የትኛው ሥራ እንደዘገየ፣ በሚቀጥለው ወር ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልግ ያወራሉ። ይህ ሁሉ በኋላ በደብዳቤ ይደርሰናል፤ ሲደርሰን ግን ያለቀ ጉዳይ ሆኖ ነው።

ስለዚህ የካምፑን ወጥ ቤት የምትመራውን ቻይናዊት ሴት አስተምሪኝ ብዬ ለመንኳት። በጣም ደስ አላት። ከሥራ መውጫ ላይ በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ ያህል ታለማምደኝ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት የዳቦ ቁራጭ ማንሣት ቻልሁ። በሁለተኛው ሳምንት ካሮትና ድንች፣ በሦስተኛው ሳምንት ለውዝ። እነሱ ዘንድ አንድ ሰው ለውዝ አንድ በአንድ ካነሣ ተማረ ይባላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው አባባላችን በእውነት ሲሠራ ያየሁት በገዛ ጣቶቼ ነው።

እንጨቶቹ ከየት መጡ?

ወደ አያያዙ ከመግባታችን በፊት የያዛችሁት ነገር ምን እንደሆነ ትንሽ ልንገራችሁ። ታሪኩን ሳውቅ እኔን ራሴን ከፍርሃቴ ያቀለለኝ እሱ ነውና።

ቻይናውያን ኳይዚ ይሉታል። ጃፓኖች ሃሺ ይሉታል። ቻይና ውስጥ ሄናን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ አንያንግ በሚባል ቦታ በተደረገ ቁፋሮ ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የነሐስ ቾፕስቲኮች ተገኝተዋል። በጥንት ጊዜ ግን ዋና ሥራቸው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፤ ከሚፈላ ድስት ውስጥ ምግብ ለማውጣትና ለማማሰል። ሰውየውስ በምን ይበላ ነበር? በእጁ! አዎ፣ እንደ እኛ በእጁ። ከ2,000 ዓመት በፊት የተጠናቀረው የቻይናውያን የሥርዓት መጽሐፍ፣ በእነሱ አጠራር ሊጂ፣ ከጋራ ዕቃ አብሮ የሚበላ ሰው እህሉን በእጁ እንዳያድበለብል፣ እጁንም እንዳያሻሽ ይከለክላል። የእኛ እናቶች «ከፊትህ ብላ፣ አታግበስብስ» የሚሉት ምክር ማለት ነው። ቾፕስቲክ የዕለት ተዕለት መብያ እየሆነ የመጣው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ከቻይናም ወደ ኮሪያ፣ ወደ ጃፓንና ወደ ቬትናም ተሻገረ።

ስሙም ራሱ ታሪክ አለው። በድሮ ጊዜ የሚጠራው «ዡ» ተብሎ ነበር። ይህ ቃል ደግሞ «ቁም» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ አንድ ነው። ኑሯቸው በጀልባ ላይ የሆነ ሰዎች ጀልባችን ይቆምብናል ብለው ቃሉን ፈሩት። በምትኩ «ፈጣን» የሚል ትርጉም ያለውን «ኳይ» የሚለውን ቃል አመጡ። ከ500 ዓመት ገደማ በፊት በሚንግ ነገሥታት ዘመን የኖረ አንድ ጸሐፊ ይህን መዝግቦታል። «ኳይዚ» የሚለው ድምፅ «ቶሎ ልጅ» የሚል ምኞትም ስለሚመስል ለሙሽሮች ቾፕስቲክ ስጦታ የመስጠት ልማድ አላቸው።

በየአገሩ መልኩ ይለያያል። የቻይናው ረዘም ያለ፣ ጫፉም ደብዘዝ ያለ ነው፤ ሳህኑ መሀል ላይ ሆኖ ሁሉም ከሩቅ ስለሚያነሣ ርዝመቱ ይጠቅማል። የጃፓኑ አጠር ያለና ጫፉ የሾለ ነው፤ ዓሣ ከእሾህ ለመለየት ያመቻል። የኮሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከብረት የተሠራና ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ለጀማሪ እሱ ይከብዳል። አሁን በእጃችሁ ያለው የቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አገራችን በአፍሪካ ሰፊ የቀርከሃ ሽፋን ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። የእጅ ሥራ ቡድናችን ይህን ልብ ይበል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቻይናውያን ጠረጴዛ ላይ ቢላዋ አያቀርቡም። የቢላዋው ሥራ ወጥ ቤት ውስጥ ያልቃል፤ ሥጋውም አትክልቱም በአንድ ጉርሻ ልክ ተቆርጦ ይመጣል። ይህም ለእኛ አዲስ አይደለም። ዶሮዋ 12 ብልት ሆና ወጥታ፣ ሽንኩርቱ ደቅቆ፣ ጎመኑ ተከትፎ እንጂ መሶብ ላይ ማን ቢላዋ ያያል? በእነሱም በእኛም ቤት የማዕዱ ቅለት የወጥ ቤቷ ሴት ድካም ነው። ይህን ያሳየችኝ አስተማሪዬ ናት። ለአንድ ምሳ ምን ያህል ስትከትፍ እንደምትውል አይቼ «የእኛን ዶሮ ወጥ ብታዪ!» አልኋት።

አያያዙ

አሁን እንጨቶቹን አንሡ። ሁላችሁም። አያሳፍርም፤ ሁላችንም ጀማሪ ነን።

መጀመሪያ አንዱን ብቻ ያዙ። ወፍራሙ ጫፍ ወደ ላይ፣ ቀጭኑ ወደ ታች ይሁን። እንጨቱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ስርጉድ ላይ ይረፍ። የታችኛው ክፍሉ ደግሞ የቀለበት ጣታችሁ ጎን ላይ ይደገፍ። የአውራ ጣታችሁ ሥር ይጫነው። ይህ እንጨት እስከ መጨረሻው አይንቀሳቀስም። ምሰሶ ነው በሉት።

ሁለተኛውን እንደ እስክሪብቶ ያዙት፤ በአውራ ጣት ጫፍ፣ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት። አሁን ስማችሁን እንደምትጽፉ ጫፉን ወደ ላይና ወደ ታች አድርጉ። የሚንቀሳቀሰው ይህ ብቻ ነው። ምሰሶው ቆሞ ይህኛው ሲወርድ፣ ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ። አበቃ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

አሁን ስዞር የማያቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ጫፎቹ እኩል ካልሆኑ ምንም አይነሣም፤ አስተካክሏቸው። ሁለተኛ፣ ወደ ታች ወርዳችሁ ይዛችኋል፤ ከላይ ሢሶው አካባቢ ያዙ። ሦስተኛ፣ አንቃችሁ ይዛችኋል። እህቶቼ፣ እንጨቱ አያመልጥም! አጥብቆ የያዘ እጅ በአምስት ደቂቃ ይደክማል፣ እንጨቶቹም እንደ መቀስ ይጣመራሉ። እንቁላል እንደምትይዙ ያዙት።

ቤት ስትገቡ ከዳቦ ቁራጭ ጀምሩ። ከዚያ ወደ ተቀቀለ ካሮትና ድንች እለፉ። ከዚያ ልጆቻችሁ የሚወዱት ኢንዶሚ አለ፤ እሱ ለእንጨት የተፈጠረ ምግብ ነው፤ ልጆቹም አብረው ይማራሉ። ሩዙን አትፍሩት። እንደ ቤታችን ሩዝ አይበታተንም፤ እርስ በርሱ የሚያያዝ ነው። ቻይናውያን ደግሞ ሩዙን የሚበሉት ትንሿን ጎድጓዳ ሳህን ወደ አፋቸው አስጠግተው ነው፤ ጃፓኖችም ሳህኑን ያነሣሉ። ስለዚህ ከሳህን እስከ አፍ ያለው መንገድ አጭር ነው። በኮሪያውያን ዘንድ ግን የሩዙ ሳህን ከጠረጴዛው አይነሣም፤ ሩዝ የሚበላው በማንኪያ ነው። ለውዝና ሽምብራ ቆሎ የመጨረሻ ፈተና ይሁኑ። በሦስተኛው ሳምንት ሽምብራ ያነሣችሁ ቀን ደውሉልኝ።

የማዕዱ ወግ

እኛ መሶብ ላይ የምናውቃቸው ሕጎች አሉን። በቀኝ እጅ ብላ፣ ከፊትህ ብላ፣ ጣትህን አትላስ፣ ታላቅ ሳይጀምር አትጀምር። የእነሱም እንዲሁ ጥቂትና ግልጽ ናቸው።

ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ። ለሞቱ ሰዎች የሚለኮስ የዕጣን እንጨት ይመስላል፤ ማዕድ ላይ ሞት መጥራት ነው። በጃፓን ደግሞ ምግብን ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ አታቀባብሉ፤ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ አጥንት የሚነሣው እንደዚያ በመቀባበል ነው። የሳህን ጠርዝ በእንጨቱ አትምቱ፤ የለማኝ ልማድ ይባላል። በእንጨቱ ወደ ሰው አትጠቁሙ። ምግብን አትውጉ። ሳህኑን እያማሰላችሁ አትምረጡ። ታላቁ ሰው እስኪጀምር ጠብቁ፤ ይህን እንኳ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ሌላ የምታዩት ነገር ጋባዡ የተሻለውን ቁራጭ አንሥቶ እናንተ ሳህን ላይ ማስቀመጡ ነው። አትደንግጡ። ጉርሻ ነው! አፍ ላይ ሳይሆን ሳህን ላይ የሚሰጥ ጉርሻ። ቀስ ብላችሁ ቅመሱ፤ ሳህኑ ባዶ በሆነ ቁጥር ይጨመራልና። ለዚህ ማንሻ ብቻ የሚሆን የጋራ ቾፕስቲክ የሚያቀርቡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የሚባለው በሽታ ሲገባ፣ በኋላም በ2020 በኮቪድ ጊዜ፣ የየራስ ቾፕስቲክ ወደ ጋራ ሳህን እንዳይገባ በቻይና ብዙ ቅስቀሳ ተደርጓል። የጋራ ማንሻ ካያችሁ በእሱ አንሡና በራሳችሁ ብሉ።

እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሆቴል የሚሰጡት፣ አንዴ ተበልቶባቸው የሚጣሉት የእንጨት ቾፕስቲኮች ብዙ ዛፍ ስለሚፈጁ የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 የ5 በመቶ ታክስ ጥሎባቸዋል። እናንተ የያዛችሁት ታጥቦ የሚያገለግል ነው። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ አስቀምጡት፤ እንዳይጣል።

ጾም፣ ሐላልና መጠጥ

ይህን ክፍል በደንብ ስሙኝ፤ ከእንጨቱ ይበልጣልና።

የምንጾም እህቶች፣ ማዕዱ አይዘጋብንም። እነሱ ዘንድ የአትክልት ምግብ ሞልቷል፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ዶፉም አለ። ነገር ግን አትክልት ስለሆነ ብቻ ጾም ነው ብላችሁ አትመኑ። ጎመኑ በአሳማ ስብ ተጠብሶ ሊሆን ይችላል፤ ዶፉው ላይ የተፈጨ ሥጋ ሊኖር ይችላል፤ ሾርባው የሥጋ መረቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠይቁ። «ዎ ቺ ሱ» በሉ፤ ከሥጋ ነፃ ነው የምበላው ማለት ነው። እነሱም ከቡድሃ ሃይማኖት የመጣ ሥጋ ያለመብላት ልማድ ስላላቸው ቃሉን በአክብሮት ይቀበሉታል። የጾሙ ሰዓት ካልደረሰ ደግሞ መቀመጥና አለመብላት ይቻላል፤ ምክንያቱን መናገር ግን ያስፈልጋል። ዝም ብሎ አለመብላት እንደ ቁጣ ይቆጠራል። «ጾም ነኝ» ብሎ አለመብላት እንደ እምነት ይከበራል።

ሙስሊም እህቶቼ፣ ሐላል የሚለው በቻይንኛ «ቺንግዠን» ነው። ቻይና ውስጥ ሁዊ የሚባሉ ሙስሊሞች አሉ፤ የእነሱ የበሬ ሥጋ ኑድል ቤቶች በየከተማው ይገኛሉ። ጓንጁ ስትሄዱ በር ላይ ይህን ምልክት ፈልጉ። ካምፕ ውስጥ ግን ሥጋው ሐላል እንደሆነ ካላረጋገጣችሁ፣ የራሳችሁን ምሳ ዕቃ ይዛችሁ ክቡ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ማዕድ መቀመጥ ማለት የግድ ያለውን ሁሉ መብላት ማለት አይደለም።

መጠጥን በተመለከተ፣ በግብዣ ላይ «ጋንቤ» ሲሉ ብርጭቆውን ጨርሱ ማለታቸው ነው። መጠጣቸው ከእኛ አረቄ አያንስም። ሻይ ወይም ውኃ ይዞ ብርጭቆ ማንሣት በቂ ነው፤ የሚያስገድድ ሰው ቢኖር ጨዋነት የጎደለው እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ለሥራ ጉዳይ የማታ ግብዣ ሲኖር ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ ወዴት እንደሄዳችሁ ቤት ያለ ሰው ይወቅ። ጉዳይ በምሳ ሰዓት፣ በብርሃን፣ በሰው መካከልም ያልቃል።

የእሑዱ ሒሳብ

አሁን ማዕዱ ላይ መቀመጥ ምን እንደሚያመጣ በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ።

በካምፑ ውስጥ በጽዳት የሚሠሩ 14 ሴቶች ነበሩ። አንዳንድ እሑድ ይሠራሉ። የሥራ ሰዓት መዝገቡ ወደ እኔ ሲመጣ የእሑዱ ሥራ እንደ ሌላው ቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ግን በሳምንት የዕረፍት ቀን ለሚሠራ ሥራ የሚከፈለው በ2 ተባዝቶ ነው። ለምሳሌ አንዲት ሴት የሰዓት ክፍያዋ 20 ብር ቢሆን፣ እሑድ 8 ሰዓት ብትሠራ በ1.5 ሒሳብ 240 ብር፣ በ2 ሒሳብ 320 ብር ታገኛለች። ልዩነቱ 80 ብር ነው። ለ14 ሴቶች በአንድ እሑድ 1,120 ብር ይሆናል። ቁጠባ መዝገባችንን የምታውቁ፣ 80 ብር ለአንዲት እናት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም።

ደብዳቤ ጻፍሁ። መዝገቡን አያይዤ፣ አንቀጹን ጠቅሼ አስገባሁ። ደብዳቤው ሁለት ወር ተኛ። ክፉ ሰው አልነበረም የያዘው። ለመተርጎም ተራ እየጠበቀ ነበር፤ አስተርጓሚው የሥዕልና የውል ክምር ነበረበት። ያ አስተርጓሚ ግን በየቀኑ ምሳውን የሚበላው እኔ ከምቀመጥበት አሥር ርምጃ ርቆ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ክቡ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥሁ። አስተማሪዬ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና ታየኝ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው ከእኔ ሁለት ወንበር አልፎ፣ አስተርጓሚው በመካከላችን ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ምግቡ ብቻ ተጫወትን። በሦስተኛው ቀን ስለ እሑዱ ሥራ ጠየቅሁ፤ በስልኬ ማስሊያ ቁጥሩን አሳየሁ። ኃላፊው «የትኛው አንቀጽ?» አለ። በማግሥቱ ይዤ መጣሁ። አስተርጓሚው እዚያው ሩዙን እየበላ አነበበለት። በዚያ ወር ፔሮል ላይ የሴቶቹ ልዩነት ተከፈለ፤ የቀደሙት እሑዶችም ተሰልተው ተጨመሩ።

ልብ በሉ፣ ያስከፈለው ቾፕስቲክ አይደለም። ያስከፈለው አዋጁ፣ የሰዓት መዝገቡና ደብዳቤው ነው። ቾፕስቲኩ ያደረገው ነገር ቢኖር እኔን ከሚፈርመው ሰው ጎን ማስቀመጡ ነው። ስለዚህ ማዕድ ላይ መቀመጥን በደብዳቤ ቦታ አትተኩት። መዝገብ ያልያዘች ሴት ጠረጴዛው ላይ ብትቀመጥ ጠግባ ትመለሳለች እንጂ ምንም አታመጣም። መዝገብ ይዛ ጥግ የተቀመጠችም ሁለት ወር ትጠብቃለች። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በተለይ እንጀራ የምታቀርቡ እህቶች ይህን ያዙልኝ። ርክክባችሁን በቀን ጻፉ፣ ያስረከባችሁትን በቁጥር አስፈርሙ፣ ክፍያ በስንት ቀን እንደሚፈጸም በውል ያዙ። ከዚያ በኋላ «ምሳ ብሉ» ሲሏችሁ ተቀመጡ።

የእኛም እጅ

የምጨርሰው በአንድ ነገር ነው። አንዳንድ እህቶች «እኛ የእነሱን ስንማር እነሱ የእኛን ይማራሉ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ደግሞ በእኛ እጅ ነው፤ ጋብዙና እዩ።

ለበዓል እኛ ሠራተኞች ተሰባስበን ዶሮ ወጥና አይብ ይዘን ገባን። አለቆቻችንን አንድ መሶብ ዙሪያ አስቀመጥናቸው። ለ30 ዓመት እንጨት የያዙ ጣቶች እንጀራ ላይ ጠፉባቸው። አንዱ በሁለት እጁ ገነጠለ። አንዱ እንጀራውን ለብቻው በላና ወጡን በምን ላንሣ አለ። የፋይናንስ ኃላፊው እስከ መዳፉ ወጥ ሆነ። ሳቅን፤ እነሱም ሳቁ። ከዚያ በሦስት ጣት እንዴት እንደሚቆረስ፣ እንዴት ጠቅልሎ መዳፍ ሳይነካ እንደሚነሣ አሳየናቸው። አስተማሪዬን እኔው ራሴ አጎረስኋት። ያን ቀን የገባኝ በእጅ መብላት ዕውቀት መሆኑ ነው። ከሁለት ዓመታችን ጀምሮ ስለተማርነው ዕውቀት አልመሰለንም እንጂ፣ ለጀማሪ ከቾፕስቲክ ይከብዳል።

ስለዚህ በእንጨት መብላትን የምንማረው በእጅ መብላት ስለሚያሳፍር አይደለም። የውጭ አገር ሰው ፊት እንጀራችንን በሹካ ለመብላት የምንታገል ካለን እሱን እንተወው። በእነሱ ማዕድ በእነሱ ወግ፣ በእኛ ማዕድ በእኛ ወግ። ሁለቱን የምታውቅ ሴት የትም ብትጠራ ቦታዋን ታውቃለች።

ከዚህ ወር ጀምሮ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቁጠባ ከተሰበሰበ በኋላ ለግማሽ ሰዓት እንለማመዳለን። ሩዝና ካሮቱን በተራ እናዘጋጃለን፤ የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነው። ከልምምዱ ጋር በየጊዜው አንድ የሥራ ሕግ አንቀጽ እናነባለን፤ በሚቀጥለው ጊዜ የትርፍ ሰዓት አከፋፈልን እንጀምራለን። የሥራ ውላችሁን ወይም የርክክብ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ። እንጨቶቹንም አትርሱ።